የቤት ቆርቆሮ ሲመርጡ ከቀለሙ በፊት ሽፋኑን ይጠይቁ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለቤተሰባችን ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት እየሠራን ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረን ጣሪያው ነው። አናጢያችን ወፍራም ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም ይላል። ሻጩ ባለቀለሙን ውሰዱ ይለናል። ባለቤቴ ደግሞ አሉሚኒየም ካልሆነ ብሏል። እኔ የምፈራው የዝናቡን ጩኸትና የቀኑን ሙቀት ነው። አንዴ ከለበሰ በኋላ መልሰን ማፍረስ አንችልም። የትኛው ይሻለናል?»

ሦስቱም አማካሪዎችዎ የተሳሳተ ነገር አልነገሩዎትም። ግን እያንዳንዳቸው የጣሪያውን አንድ ጎን ብቻ ይዘው ነው የሚከራከሩት። ውፍረት፣ ቀለምና የብረቱ ዓይነት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ከሦስቱም የሚበልጠውን፣ ማለትም ብረቱ በምን ተለብጧል የሚለውን ደግሞ ማንም አላነሳውም።

የእኔን ምርጫ ላስቀድም። ቤቱ ከባሕር ዳርቻ የራቀ ከሆነ በአሉሚኒየምና በዚንክ ድብልቅ የተለበጠ፣ ከላዩ ፈካ ያለ ቀለም የተቀባ፣ ብረቱ ብቻውን 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቆርቆሮ ይውሰዱ። በምስማር ሳይሆን በብሎን ይታሰር። ከሥሩ ሙቀትና ድምፅ የሚያግድ ነገር ይግባ። ገንዘብ ካጠረ ከቅርጹና ከጌጡ ላይ ይቀንሱ። ከሽፋኑ፣ ከብሎኑና ከሥር ከሚገባው ላይ ግን እባክዎ አይቀንሱ። አሁን ምክንያቱን ላስረዳ።

ከአናጢው ልጀምር። ቀጭን ቆርቆሮ እንደሚያስቸግር እውነት ነው። ሰው ሲረግጠው ይሰረጉዳል፤ በረዶ ሲመታው ይጎደጉዳል፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲስበው በብሎኑ ራስ ዙሪያ ይቀደዳል። ነገር ግን ውፍረት ዝገትን አያስቆምም። ሽፋኑ የሳሳ ከሆነ ወፍራሙም ብረት ይዝጋል። ልዩነቱ እስኪበሳ ድረስ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዱ ነው።

ውፍረቱን ሲጠይቁም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በጌጅ ነው። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ያው ቁጥር በተለያየ መለኪያ የተለያየ ውፍረት ማለት መሆኑን ነው። በቆየው የእንግሊዞች መለኪያ 28 ጌጅ 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካኖች የጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ቆርቆሮ መለኪያ ግን 28 ጌጅ 0.47 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለት ሻጮች «28 ነው» ቢሉዎት ሁለቱም ሳይዋሹ የተለያየ ዕቃ ሊሰጡዎት ይችላሉ። ስለዚህ በጌጅ አይስማሙ። «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀጥለውም «ብረቱ ብቻውን ነው ወይስ ከነሽፋኑና ከነቀለሙ?» ይበሉ።

ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስልዎ። ጥሩ የሚባለው የአሉሚኒየምና ዚንክ ሽፋን በእያንዳንዱ ገጽ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ነው) ገደማ ነው፤ የሁለቱ ገጽ ሲደመር 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀለሙ ከላይ 25 ማይክሮን፣ ከሥር 10 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ሌላ 0.035 ይጨምራል። «0.40 ነው» ተብሎ የተሸጠልዎት ቆርቆሮ ልኬቱ ከነሁሉ ነገሩ ከሆነ ብረቱ ከ0.33 አያልፍም ማለት ነው። መለኪያ ከሌለዎት ሚዛን ይበቃል። ቅርጻቸው፣ ስፋታቸውና ርዝመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ቆርቆሮዎች ይመዝኑ። ቀለል ያለው ብረቱ የሳሳው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ብረት 7.85 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 0.5 ሚሊ ሜትሩ ሞገድ ሳይወጣለት፣ ዝርግ ሳለ በካሬ 3.9 ኪሎ ገደማ ነው።

ወደ ሽፋኑ እንምጣ፤ የጣሪያዎን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው እሱ ነው። ቆርቆሮ የብረት ወረቀት ነው። ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ከተገናኘ ይዝጋል። ሞገድ ያለውን ቆርቆሮ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ለንደን ውስጥ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያወጣበት በ1829 እ.ኤ.አ. ነው። ሞገዱ የተፈለገው ቀጭን ብረት ሳይታጠፍ ክብደት እንዲሸከም ነው። ዝገቱን ግን ሞገድ አይፈታውም። መፍትሔው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጣ፤ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 እ.ኤ.አ. ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ለማውጣት ፓተንት ወሰደ። ጋልቫናይዝድ የምንለው ይኸው ነው።

ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ ውሃው ብረቱን እንዳይነካ ይጋርደዋል። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ተጭሮ ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላል። በመቀስ የተቆረጠ የቆርቆሮ ጠርዝ ቀረብ ብለው ቢያዩት መሃሉ ላይ የተራቆተ ብረት በቀጭን መስመር ይታያል። ያ ጠርዝ ቶሎ የማይዝገው በላይና በታች ያለው ዚንክ ስለሚሠዋለት ነው። ዚንኩ ግን ከዓመት ዓመት እያለቀ ይሄዳል። ሲያልቅ ጥበቃውም አለቀ። ስለዚህ ዋናው ነገር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ግራም እንዳለ ነው። ዜድ 275 (Z275) የተባለው ቆርቆሮ በሁለቱ ገጽ ተደምሮ በካሬ 275 ግራም ዚንክ አለው፤ በአንድ ገጽ 20 ማይክሮን ገደማ ነው። ዜድ 100 ደግሞ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ በዓይን መለየት አይቻልም።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ያለው ሌላው ሽፋን 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43 በመቶ ተኩል ገደማ ዚንክና ጥቂት ሲሊከን ያለበት ነው። ኤዜድ 150 (AZ150) የተባለው በካሬ 150 ግራም ይይዛል። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ግራሙ ቢያንስም ውፍረቱ ከዜድ 275 ጋር እኩል ነው። ለአብዛኛው ጣሪያ ከተራው ዚንክ ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ያስመረጠኝም ይኸው ነው። ቆርቆሮው ላይ ወይም የፋብሪካው ወረቀት ላይ ኤዜድ የሚል ምልክትና ቁጥር ይፈልጉ። ሻጩ ቁጥሩን ማሳየት ካልቻለ ሌላ ሻጭ ጋ ይሂዱ።

ባለቤትዎ ስለ አሉሚኒየም ያሉት ባሕር አጠገብ ለሚሠራ ቤት ትክክለኛ ምክር ነው። ጨው ያዘለ ነፋስ ዚንክን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ አሉሚኒየም ግን ቀይ ዝገት የለበትም። ከባሕር የራቀ ቤት ላይ ግን ተጨማሪ ወጪው አያዋጣም ባይ ነኝ። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በረዶ ቶሎ ያጎደጉደዋል፤ ለመጠንከር ከብረቱ ወፈር ማለት ይኖርበታል። ሙቀት ላይም ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ዐሥር ሜትር የሆነ የብረት ቆርቆሮ በቀዝቃዛው ሌሊትና በፀሐዩ እኩለ ቀን መካከል ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ቢለዋወጥ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ አሉሚኒየሙ 12። ይህን እንቅስቃሴ ያላሰበ አናጢ እጅ ላይ ከወደቀ አሉሚኒየም ብሎኑን ያላላል፣ ቀዳዳውን ያሰፋል።

ባለቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ሻጩ አልተሳሳተም። ቀለሙ ከዚንኩ በላይ ሌላ ግርዶሽ ነው። ቀለም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በርካሹ የሚገኘው ፖሊስተር ነው፤ ፀሐይ ሲበዛበት ይደበዝዛል፣ በጣት ሲነኩት ዱቄት ይለቃል። ፒቪዲኤፍ የሚባለው ውድ ነው፤ መልኩን ግን ለረጅም ዓመታት ይይዛል። ለእርስዎ ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ መልኩ ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱም የፈሩት ሙቀትን ነው። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ አብዛኛውን ይውጣሉ። ያልተቀባ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮም ፀሐይን ይመልሳል፤ ግን የዋጠውን ሙቀት መልሶ ለመልቀቅ ዳተኛ ነው። ለዚህ ነው በፀሐይ ላይ እጅ የማያስነካው። ፈካ ያለ ቀለም የተቀባው የዋጠውንም ቶሎ ይለቃል።

አሁን ወደ ራስዎ ጭንቀት፣ ወደ ሙቀቱና ጩኸቱ ልምጣ። በዚህ ላይ ብዙ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰዎች በቆርቆሮ ቤት የሚማረሩት በአብዛኛው በዚህ ነው። መፍትሔውም የቆርቆሮው ዓይነት ውስጥ አይገኝም። ወፍራም ቆርቆሮ ብቻውን ቤቱን አያቀዘቅዘውም። የዝናቡ ድምፅ የሚያስቸግረው ቆርቆሮው በሁለት እንጨቶች መካከል ተወጥሮ ስለሚንቀጠቀጥና ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ እንደ ከበሮ ሆድ ድምፁን ስለሚያጎላው ነው። ንቅናቄውን የሚገታው ቆርቆሮውን ከሥር ተጠግቶ የሚነካ ለስላሳ ነገር ነው። የመስታወት ሱፍ ወይም የድንጋይ ሱፍ የሚባለውን ምንጣፍ፣ አንድ ገጹ በአሉሚኒየም ፎይል የተለበጠውን፣ ቆርቆሮው ከመታሰሩ በፊት በሞራሌዎቹ (ቆርቆሮው በሚታሰርባቸው አግዳሚ እንጨቶች) ላይ መዘርጋት ነው። ፎይሉ ወደ ቤት ይዞራል፤ ሱፉ ወደ ቆርቆሮው። ቆርቆሮው ከላይ ሲታሰር ሱፉን ይጫነዋል። 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን ለድምፁ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለሙቀቱ ወፈር ቢል ይሻላል። እዚህ ላይ አናጢው ረዘም ያለ ብሎን መጠቀም አለበት፤ አለበለዚያ ብሎኑ ሱፉን አልፎ እንጨቱን በቅጡ አይነክስም።

ፎይል ብቻ አንጥፈን እንተወው የሚልዎት ካለ አንድ ነገር ይጠይቁት፤ በፎይሉና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት አለ ወይ? ፎይል ሙቀትን የሚመልሰው ፊት ለፊቱ ቢያንስ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ሲኖር ነው። ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፈዋል፤ ያኔ የሚያገለግለው ውሃ ለመከላከል ብቻ ነው።

ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየርም መውጫ ይፈልጋል። በክፈፉ ሥር አየር የሚገባበት፣ በጣሪያው አናት አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተዉ። ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት። የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይሄዳል፣ ቀዝቀዝ ያለው ከታች ይተካዋል።

ይህ ክፍተት ሌላም ሥራ አለው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ አቤቱታ ላንሳ። አዲስ ጣሪያ ነው፤ ዝናብ አልዘነበም፤ ጠዋት ሲነሱ ኮርኒሱ ላይ እርጥብ ክብ አለ። በሳምንቱ ቢጫ ጠርዝ ያወጣል። ቤተሰቡ «ያፈሳል» ብሎ አናጢውን ይጠራል። አናጢው ይወጣል፣ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ አያገኝም፤ ጥቂት ብሎኖች አጥብቆ ይወርዳል። እርጥበቱ ግን ይመለሳል። የዚህ ዓይነቱ ውሃ ከውጭ የገባ አይደለም። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ከኩሽናው፣ ከመታጠቢያው፣ ከትንፋሻችን የወጣው እንፋሎት ኮርኒሱን አልፎ ሲነካው ጤዛ ይሆናል። ጤዛው ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ጣሪያው አላበው እንጂ አላፈሰሰም። ሱፉና ወደ ቤት የዞረው ፎይል እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ብረት እንዳይነካ ያግዳሉ፤ የአየር መውጫው የቀረውን ያደርቃል። የፎይሉ መጋጠሚያዎች በፎይል ፕላስተር መታሸግ አለባቸው። ለዝናቡ ጩኸት ያወጡት ገንዘብ ለዚህም ለዚያም ይሆንልዎታል።

ስለ ማሰሪያው ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ምስማር በቆርቆሮ ላይ ጊዜያዊ ነው። ቆርቆሮው በየቀኑ ሲለጠጥና ሲኮማተር ምስማሩን በጥቂት በጥቂቱ ከእንጨቱ ይመዘዋል። ራሱ እየበሳ የሚገባውን፣ የጎማ ሮንዴላ ያለውን ብሎን ይጠቀሙ። ጎማው ኢፒዲኤም የሚባለው ዓይነት ቢሆን ፀሐይን ይችላል። ብሎኑ ሲታሰር አጠገቡ ይቁሙና ይመልከቱ። ጎማው ከብረቱ ሮንዴላ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን፣ ወይም ዙሪያውን በትንሹ ብቅ ሲል፣ ልኩ ያ ነው። ጎማው ወደ ውጭ ተገልብጦ ከተጨፈለቀና ቆርቆሮው በዙሪያው ከተሰረጎደ በጣም ጠብቋል፤ እዚያች ጎድጓዳ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ጎማውም ቶሎ ይሰነጠቃል። ጎማው ጨርሶ ካልተጫነ ደግሞ ያፈሳል። ብሎኑ ጋድሎ ከገባ ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ይነካል። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሞገድ ባለው ቆርቆሮ ላይ ብሎኑ በሞገዱ አናት ላይ ይሁን፤ ውሃው የሚሄደው በሸለቆው ነው።

ነፋስ የሚበረታው በጣሪያው ጠርዝ፣ በማዕዘኑና በአናቱ ላይ ነው። መሃል ላይ አንድ ሞገድ እየዘለሉ ማሰር ቢቻልም ጠርዙ ላይ በእያንዳንዱ ሞገድ ይታሰር። ብሎኑ ግን የሚያስረው ቆርቆሮውን ከእንጨቱ ጋር ነው። እንጨቱን ከግድግዳው ጋር የሚያስር የብረት ማሰሪያ ከሌለ ኃይለኛ ነፋስ ጣሪያውን ከነእንጨቱ ያነሳዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀላል ነው፤ በካሬ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ የሲሚንቶ ሸክላ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቀላልነቱ ለግድግዳው ጥሩ ነው፤ ለነፋስ ግን ማሰሪያ ይጠይቃል።

ቅርጹ ላይ ብዙ አልቆይም። ቤቱ ቀላል ሁለት ፊት ያለው ጣሪያ ከሆነ ሞገድ ወይም ትራፔዝ ቅርጽ ያለው፣ ከአናቱ እስከ ክፈፉ አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ቆርቆሮ ያሠሩ። መሃል ላይ መደራረቢያ ከሌለ ውሃ የሚገባበት ቦታም የለም። የሸክላ መልክ ያለው ቆርቆሮ ያምራል፤ ግን መጋጠሚያው ብዙ ነው፣ ቁርጥራጩም ይበዛል። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ውሃው ሳይተኛ ይወርዳል። ከዚያ የተኛ ከሆነ መደራረቢያዎቹ በማሸጊያ መሞላት አለባቸው። የጎን መደራረቢያው አፍ ዝናብ ይዞ ከሚመጣው ነፋስ በተቃራኒ ይዙር።

አሸንዳውንም ከአሁኑ ያስቡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በየደቂቃው ከ80 ሊትር በላይ ይወርዳል። ጠባብ አሸንዳ ይህን አይችለውም፤ ሞልቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ቆርቆሮው በአሉሚኒየምና ዚንክ የተለበጠ ወይም የተቀባ ከሆነ አሸንዳው ያልተቀባ ተራ ጋልቫናይዝድ አይሁን፤ ከእንዲህ ያለ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ የአሸንዳውን ዚንክ ቶሎ ይበላዋል። መዳብ ደግሞ በተቻለ መጠን ከጣሪያው በላይ አይኑር፤ የመዳብ ቱቦ ያለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለማስቀመጥ ካሰቡ ከመዳብ የወረደ ውሃ ቆርቆሮው ላይ እንዳይንጠባጠብ ያድርጉ። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ሽፋኑን ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ የጭስ ማውጫውና የላይኛው ግድግዳ ልስን ቆርቆሮው ከመውጣቱ በፊት ይጠናቀቅ።

ሥራው ሲጀመር ሁለት ነገር ይከልክሉ። አንደኛው ግራይንደር ነው። ቆርቆሮ በግራይንደር ሲቆረጥ የጋለው ጠርዝ ሽፋኑን ያጣል፤ የሚበተነው የጋለ ፍንጣሪ ደግሞ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ በቀናት ውስጥ ቀይ ነጥብ ያወጣል። በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ። በመሰርሰሪያ የወጣው የብረት ብናኝም የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ ተጠርጎ ይውረድ። ሁለተኛው የተደረደረ ቆርቆሮ ዝናብ ላይ መተው ነው። በሁለት ቆርቆሮ መካከል የገባ ውሃ አይደርቅም፤ ዚንኩን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ጣሪያው ላይ ሳይወጣ ዕድሜው ይቀንሳል። ከመሬት ከፍ አድርገው፣ አንድ ጎኑን ዘንበል አድርገው፣ አየር በሚያስገባ ሽፋን ሥር ያቆዩት። ቆርቆሮው ሲመጣልዎት ከመፈረምዎ በፊት ከመሃል አንድ ሁለቱን አንስተው በሁለቱም ገጽ ይዩ፤ ነጭ ዱቄት ካለበት አይረከቡ። የዋስትና ወረቀቱንም እዚያው ያንብቡት። ብዙዎቹ ለመበሳትና ለመደብዘዝ የተለያየ ዓመት ነው የሚሰጡት፤ በግራይንደር የተቆረጠውን፣ ለባሕር የቀረበውንና ፋብሪካው ባልፈቀደው ብሎን የታሰረውን ደግሞ አይሸፍኑም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የብሎኑን ዓይነት ከወረቀቱ ላይ አይተው ለአናጢው ይስጡት።